«የ14 ብሎን» ብዬ ገዛሁ፣ የኮፓዬን ጥርስ በላ፦ ሁለቱም ብሎን 12 ከሆነ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ባለ ቪትዝ (ጠያቂ) · ሰኞ ማታ 2፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። መኪናዬ ቪትዝ ናት። ቅዳሜ ሰፈር ውስጥ ዘይት አስቀየርኩ። የኮፓው (ከሞተሩ ሥር ዘይት የሚይዘው ገንዳ) ማፍሰሻ ብሎን ጭንቅላቱ ተልጦ ቁልፍ አልይዝ ስላለ ልጁ «አዲስ ግዛ» አለኝ። ሱቅ ሄጄ «የ14 ብሎን፣ የዘይት ማፍሰሻ» አልኩ። በ14 ቁልፍ ነዋ የሚፈታው። ሰጡኝ። ልጁ በእጁ ሁለት ዙር አስገባው፣ ከዚያ እምቢ አለ። «አዲስ ስለሆነ ነው» ብሎ ቁልፉ ላይ የውሃ ቱቦ ሰክቶ እየጮኸ እስከ መጨረሻው አስገባው።

እሑድ ጠዋት መኪናዋ ሥር የሰሃን ያህል ዘይት ተኝቷል። ዛሬ ሲፈታ ብሎኑ ጥርስ መሃል እንደ ፀጉር የቀጠነ ብረት ተጠምጥሞ ወጣ። አሁን አሮጌው ብሎን ሲገባ ዝም ብሎ ይሽከረከራል፣ አይጠብቅም። ልጁ ቴፍሎን ጠቅልለን እንመልሰው ይላል፤ ሌላ መካኒክ ደግሞ ኮፓው ይቀየር ይላል። ሁለቱንም ብሎን በካሊፐር ለካኋቸው፣ ሁለቱም 11.9 ሚሊ አካባቢ ናቸው። ታዲያ ምኑ ነው የተለየው?

ጎፋ ገራዥ · ሰኞ ማታ 2፡41

ወንድሜ በመጀመሪያ ቴፍሎኑን ተወው። ቴፍሎን ውሃ እንዳያልፍ ነው እንጂ የሌለ ጥርስ አይተካም። አስፋልት ላይ ብሎኑ ቢወድቅ ሞተሩን ነው የምትቀብረው።

የሰጡህ ብሎን ጥርሱ ሌላ ነው። ቶዮታ ሁሉም 12 በ1.5 ነው (ግንዱ 12 ሚሊ፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5 ሚሊ)። የተሸጠልህ 1.75 ይሆናል፣ እሱ የግንባታ ብሎን ነው።

ቶርኖ ቤት · ሰኞ ማታ 3፡05

ጎፋ፣ አክብሬህ ነው፣ ግን ግማሹን ስተኸዋል። ቶዮታ 12 በ1.5 የሆነው የጎማው ዳዶ ነው፤ በ21 ቁልፍ የምትፈታው። የዘይት ማፍሰሻው 12 በ1.25 ነው። እኔ ጋ ጥርሱ ተበልቶ ከሚመጣው ኮፓ ብዙውን ያበላሸው ይሄው አንድ አይነት ስህተት ነው፦ 1.25 ውስጥ 1.5 ማስገባት።

ባለ ቪትዝ፣ መልስህ እጅህ ላይ ነው ያለው። ሁለቱን ብሎን ጎን ለጎን አጋድማቸው፣ የአንዱን ጥርስ በሌላው ጥርስ መሃል አስገብተህ ወደ መብራት አንሳ። ጥርሳቸው አንድ ከሆነ እንደ ዚፕ ይገጥማሉ፣ ብርሃን አያልፍም። የተለያየ ከሆነ ጫፍ ላይ ይገጥሙና መሃል ላይ ይጋፋሉ። ከዚያ ማስመሪያ አምጣና ጥርስ ቁጠር። ከአንዱ ጥርስ ጫፍ ተነስተህ ስምንት ጥርስ አልፈህ ስንት ሚሊ እንደሆነ ንገረኝ።

ባለ ቪትዝ · ሰኞ ማታ 3፡32

ጋሼ ቶርኖ እግዜር ይስጥልኝ። መብራቱን ሞከርኩት። ሦስት ጥርስ ያህል ገጠሙ፣ ከዚያ በኋላ ተጋፉ፤ መሃላቸው ብርሃን ይታያል። ስምንት ጥርስ ቆጠርኩ፣ አሮጌው ልክ 10 ሚሊ፣ አዲሱ 12 ሚሊ።

ቶርኖ ቤት · ሰኞ ማታ 3፡40

10 ለ8 ስታካፍል 1.25፣ 12 ለ8 ስታካፍል 1.5። አለቀ። አሮጌው አንድ ዙር ሲዞር 1.25 ሚሊ ይገባል፣ አዲሱ 1.5 ይገባል። በእያንዳንዱ ዙር ሩብ ሚሊ ይጣላሉ። መጀመሪያ ሁለት ዙር የገባው በብሎንና በኮፓው መሃል ትንሽ ክፍተት ስላለ ነው፤ ክፍተቱ ሲያልቅ ጥርስ ጥርስን መቁረጥ ይጀምራል። ስድስት የአሮጌው ጥርስ የያዘውን ቦታ አዲሱ በአምስት ነው የሚይዘው። የተጠመጠመው ፀጉር የኮፓህ ጥርስ ነው።

ልጁ «አዲስ ስለሆነ ነው» ማለቱ ያሳዝናል። ጤነኛ ብሎን፣ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ ጥርሱ እስኪያልቅ በሁለት ጣት ነው የሚገባው። ቁልፍ የሚያስፈልገው ጭንቅላቱ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ዝም ባይ · ሰኞ ማታ 3፡58

እኔ እስከ ዛሬ ብሎን ሁሉ አንድ መስሎኝ በመዶሻ ነበር የማስገባው 😂

መካኒካል መምህርት · ሰኞ ማታ 4፡15

ጥያቄው ላይ «የ14 ብሎን» የሚለውን ማለፍ አልቻልኩም፤ ተማሪዎቼም መጀመሪያ ቀን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሉት። በኛ ሀገር ብሎን የሚጠራው በሚፈታው ቁልፍ ነው። ገራዥ ውስጥ ይሠራል፣ ምክንያቱም ፈቺውም አሳሪውም አንድ ሰው ነው። ሱቅ ላይ ግን ገደል ነው። ቁልፍ የሚለካው ጭንቅላቱን ነው፤ ቀዳዳው የሚያውቀው ግንዱን ነው።

ባለ ቪትዝ የያዝከው ብሎን ጭንቅላቱ 14፣ ግንዱ 12 ነው። እዛችው መኪና ላይ ሌላ ጭንቅላቱ 14 የሆነ ብሎን ብትፈታ ግንዱ ብዙ ጊዜ 10 ሆኖ ታገኘዋለህ። የጃፓን መኪና ላይ ባጠቃላይ 6 ግንድ በ10 ቁልፍ፣ 8 ግንድ በ12፣ 10 ግንድ በ14፣ 12 ግንድ በ17 ነው የሚፈታው። የአውሮፓ መኪና ወይም የቻይና ማሽን ላይ ደግሞ 8 ግንድ በ13 ነው። ስለዚህ «የ13 ብሎን» እና «የ12 ብሎን» አንድ አይነት ግንድና አንድ አይነት ጥርስ ሊኖራቸው ይችላል፤ ሁለት «የ14 ብሎን» ደግሞ ፈጽሞ ሊለያዩ ይችላሉ።

ብሎን ሲጠራ ሦስት ቁጥር ነው፦ ግንድ፣ ጥርስ፣ ርዝመት። «ኤም 12 በ1.25 በ20» ካልክ ባለሱቁ ሊሳሳት ቢፈልግም አይችልም። ርዝመቱ ከጭንቅላቱ ሥር ነው የሚጀምረው፣ ጭንቅላቱ አይቆጠርም፤ ጭንቅላቱ ከሚሰምጠው ጠፍጣፋ በስተቀር።

ካሊፐርህ ደግሞ አልዋሸህም። 12 የተባለ ብሎን ሲለካ 12 አይመጣም፣ ከ11.8 እስከ 11.9 እና ትንሽ ነው። ሆን ተብሎ ነው የሚቀነሰው፣ ዳዶው ውስጥ እንዲዞር። አንዳንዶች 11.8 ሲያዩ «ኢንች ነው» ይላሉ፤ አይደለም።

ጎፋ ገራዥ · ሰኞ ማታ 4፡30

እሺ ጋሼ፣ ተቀብያለሁ፤ ጎማውን ነው ያሰብኩት። ግን መምህርት አንድ ነገር ልጨምር። ሱቅ ላይ «10 በ1.25» ብትል ባለሱቁ ራሱ «ኧረ 10 ነው፣ 10 በቃ» ይልሃል። የግንባታ ዕቃ መደብር ያለው 10 ብሎን 1.5 ነው። የጃፓን መኪና ላይ ያለው 10 ደግሞ 1.25 ነው። እኔ ስንት ጊዜ ነው ሶማሌ ተራ ድረስ ሄጄ ከታረደ መኪና ላይ የተፈታ ብሎን በቆርቆሮ ከሞላ ክምር ውስጥ ለቅሜ የምመጣው። አዲሱ ሱቅ ሙሉ ነው፣ ለኔ መኪና የሚሆን ግን አንድ የለም።

መካኒካል መምህርት · ሰኞ ማታ 4፡44

ትክክል ነህ፣ ምክንያትም አለው። በእያንዳንዱ ግንድ ላይ አንድ «ሻካራ» ጥርስ አለ፣ ቁጥር ሳይጠቀስ ሲቀር ሁሉም የሚረዳው እሱን ነው። 3 በ0.5፣ 4 በ0.7፣ 5 በ0.8፣ 6 በ1፣ 8 በ1.25፣ 10 በ1.5፣ 12 በ1.75፣ 16 በ2፣ 20 በ2.5፣ 24 በ3። «ኤም 10» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ 1.5 ማለት ነው። ከዚህ የጠበበ ሁሉ «ደቃቅ» ነው፣ ቁጥሩም መጻፍ አለበት። እስከ 8 ድረስ የጃፓን መኪናም ሻካራውን ስለሚጠቀም ከየትም ሱቅ ብትገዛ ይገጥማል። ችግሩ የሚጀምረው ከ10 ነው።

ደቃቁ ለምን ይመረጣል? ጥርሱ ጥልቀት ስለሌለው የብሎኑ ልብ ወፈር ይላል። 12 በ1.75 ጭነት የሚሸከመው ስፋቱ 84 ካሬ ሚሊ ሲሆን 12 በ1.25 ግን 92 ነው። ተዳፋቱም ገር ስለሆነ በንዝረት ቶሎ አይላላም። ጉዳቱ ቆሻሻ አይወድም፣ ሳይታወቅ አጣምሞ ለማስገባት ቀላል ነው፣ አሉሚኒየም ላይ ደግሞ ቶሎ ይላጣል።

ሽቱትጋርት · ማክሰኞ ጠዋት 1፡10

ከጀርመን ነኝ፣ ማሽን ሾፕ ውስጥ እሠራለሁ። መምህርት የጻፉት ልክ ነው። እዚህም ግርግር አለ፤ የድሮው የጀርመን ስታንዳርድ ኤም 10ን በ17፣ ኤም 12ን በ19 ቁልፍ ነበር የሚፈታው፣ አዲሱ ዓለም አቀፍ ደግሞ 16 እና 18 ነው። አንድ ሳጥን ውስጥ ሁለቱም አሉ። ግንዱና ጥርሱ ግን አንድ ነው፣ ቁልፍ ብቻ ነው የምትቀያይረው።

ወንድም ባለ ቪትዝ፣ ወደ ጥገናው ልምጣ። ኮፓ መቀየር አያስፈልግህ ይሆናል። መጀመሪያ ግን ኮፓህ ስስ ቆርቆሮ ሆኖ ከውስጥ ዳዶ የተበየደበት ነው ወይስ ሙሉ አሉሚኒየም? በማግኔት ሞክረው።

ከዚያ ሦስት መንገድ አለ። አንዱ በ12 በ1.25 ታፕ (ቀዳዳ ውስጥ ጥርስ ማውጫ) ጥርሱን ማጽዳት ነው። ይህ የሚሠራው ጥርሱ ከተጎዳ ግን ካለ ነው፤ አንተ ፀጉር አየሁ ካልክ አልቋል። ሁለተኛው ቀዳዳውን አስፍቶ የሽቦ ጥምጥም ማስገባት ነው፣ ሄሊኮይል የሚሉት፤ የራሱ ታፕ ያስፈልገዋል፣ ተራ ታፕ አይሆንም። ሲጨርሱ መጀመሪያ የነበረው 12 በ1.25 ይመለስልሃል። ሦስተኛው ወደ 14 በ1.5 ማሳደግ ነው። ቀዳዳው በ12.5 ፑንታ (መብሻ) ይበሳና ታፕ ይወጣለታል። ይህ ቀመር ለሁሉም ይሠራል፦ ከግንዱ ላይ ጥርሱን ቀንስ። 14 ሲቀነስ 1.5 ይሆናል 12.5። 6 ሲቀነስ 1 ይሆናል 5። 10 ሲቀነስ 1.5 ይሆናል 8.5። 8 ላይ 6.75 ይመጣል፣ 6.8 ፑንታ ይበቃል።

ጥርሱን እየቆረጠ ራሱ የሚገባ ትልቅ ብሎንም ይሸጣል። እኔ አልወደውም። አንድ ጊዜ ተጣምሞ ከገባ ኮፓውን መጣል ነው።

ቨርጂኒያ ነኝ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡52

እናንተ ሚሊ ከሚሊ ትጣላላችሁ፣ እኔ ጋ ሚሊ ከኢንች ነው። መጀመሪያ አሜሪካ የመጣሁ ጊዜ ከአንድ ጎረቤት ላይ ሣር ማጨጃ ገዛሁ፣ አንድ ብሎን ጎደለው። ከአዲስ አበባ ካመጣሁት ሳጥን ውስጥ 8 ብሎን አገኘሁ፣ ሦስት ዙር ገባ። ደስ ብሎኝ አጠበቅኩት። ቀዳዳው አምስት አስራ ስድስተኛ ኢንች ነበር፦ 7.94 ሚሊ፣ በኢንች 18 ጥርስ፣ ማለትም በ1.41 ሚሊ። ኤም 8 ደግሞ በ1.25 ነው። ከባለ ቪትዝ ጋር አንድ አይነት ሞት።

አሁን እዚህ የሚሸጡት መኪኖች በብዛት ሚሊ ናቸው። ግን እመኑኝ፣ ሚሊ መሆኑ ብቻ አያድንም። የፎርድ ኤፍ 150 ፒካፕ እስከ 2014 እ.ኤ.አ. የጎማ ዳዶው 14 በ2 ነበር፣ ከ2015 ጀምሮ 14 በ1.5 ሆነ። ያው መኪና፣ ያው ግንድ፣ የዓመቱ ጉዳይ።

አንድ የሚያስገርም ልንገራችሁ፦ የደህንነት ቀበቶ የሚያስረው ብሎን በብዙ መኪና፣ የጃፓኑም ሳይቀር፣ ኢንች ነው። ሰባት አስራ ስድስተኛ፣ በ20 ጥርስ። ሲለካ ወደ 11 ሚሊ ይመጣል። 11 ብሎን ደግሞ ሱቅ ውስጥ አታገኙም። እባካችሁ 12 ታፕ አታስገቡበት፤ ያ ብሎን የሰው ነፍስ ነው የሚይዘው።

ጎፋ ገራዥ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡05

አላምንም ብዬ አሁን ሄጄ የቆመ ኮሮላ ወንበር አንስቼ ለካሁት። 11 ሚሊ ነው። ስንት ዓመት ስሠራ አላየሁትም 🙆🏾‍♂️

ቧንቧ ሠሪው · ማክሰኞ ጠዋት 2፡30

እናንተ ኢንች ተንኮለኛ ነው ስትሉ እኔ ልሳቅ። የኛ «ግማሽ» ቧንቧ ጥርሱን ስትለካው ከውጭ 21 ሚሊ ነው፤ የትኛውም ቦታ ላይ ግማሽ ኢንች የለውም። ስሙ ከድሮ ቧንቧ የውስጥ ቀዳዳ ነው የቀረው። በኢንች 14 ጥርስ ነው፣ ማዕዘኑም 55 ዲግሪ። እዚያ ቴፍሎን ሕጋዊ ነው። ኮፓ ላይ ሳይሆን እዚያ።

ቶርኖ ቤት · ማክሰኞ ቀን 6፡20

ቧንቧ ሠሪ ያነሳው 55 ዲግሪ የእንግሊዙ ዊትወርዝ ነው፣ በ1841 እ.ኤ.አ. ያወጣው። ከሱ በፊት እያንዳንዱ አውደ ጥናት የራሱ ጥርስ ነበረው፤ ከዚህ ፋብሪካ የወጣ ዳዶ እዚያ ብሎን ላይ አይገባም። አሜሪካዊው ሴለርስ በ1864 60 ዲግሪ ይሁን አለ፣ ለመሥራት ቀላል ነው ብሎ። በ1898 ደግሞ ዙሪክ ላይ አውሮፓውያኑ ተሰብስበው በሚሊ ተስማሙ፣ ማዕዘኑን ግን የሴለርስን 60 ወሰዱ። ዛሬ የሚሊ ጥርስ እና የአሜሪካው ኢንች አንድ ማዕዘን ያላቸው ለዚህ ነው። ቨርጂኒያን ያታለለውም ይኸው ነው። ማዕዘኑ አንድ ነው፣ ግንዱ ይቀራረባል፣ ጥርሱ ብቻ ይለያል፤ ስለዚህ «ይገባል»።

እኛ ደግሞ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቪቴ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ የምንለው ከጣልያን ነው። ስሙን ከጣልያን፣ መኪናውን ከጃፓን፣ የቧንቧውን ጥርስ ከእንግሊዝ። ከዚያ ለምን አልገጠመም እንላለን።

ባለ ቪትዝ፣ ማግኔቱ ምን አለ?

ባለ ቪትዝ · ማክሰኞ ማታ 1፡15

ማግኔት ይይዛል ጋሼ። ቆርቆሮ ነው፣ ከውስጥ ዳዶ የተበየደበት።

ቶርኖ ቤት · ማክሰኞ ማታ 1፡22

ጥሩ ነው። ኮፓውን አስፈታው፣ እዚያው መኪና ላይ እያለ አታስበሳው። የታፕ ብናኝ ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ ከዘይት ጋር ይሄዳል፣ የሚያርፈው ዘይት መሳቢያ ፓምፑ አፍ ላይ ነው። የኮፓው ብሎኖች በ10 ቁልፍ የሚፈቱ ናቸው፣ ግንዳቸው 6 በ1። ሲመለሱ በእጅ አንጓ ብቻ ይታሰሩ። 6 ብሎን 10 ኒውተን ሜትር ያህል ይበቃዋል፣ እሱም ቢሆን በረጅም ቁልፍ ከሞከርከው ይቆረጣል።

ዱባይ ኤሌክትሪሻን · ማክሰኞ ማታ 1፡50

ይቅርታ ከርዕሱ ልውጣ። የጭንቅላቱ ላይ ያለው 8.8 ምንድን ነው? እዚህ ሳይት ላይ 8.8 ያልሆነ ብሎን ወደ ብረት ሥራው አይገባም ይሉናል።

መካኒካል መምህርት · ማክሰኞ ማታ 2፡10

ከርዕሱ አልወጣህም። የመጀመሪያው 8 በ100 ሲባዛ ብረቱ በአንድ ካሬ ሚሊ ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛው ነው፣ 800 ኒውተን። ሁለተኛው 8 ከዚያ ላይ 80 በመቶው ድረስ ተስቦ ይመለሳል ማለት ነው፣ 640። ከዚያ ካለፈ ተለጥጦ ይቀራል። የኤም 10 ሻካራ ብሎን ስፋቱ 58 ካሬ ሚሊ ነው፤ 58 በ640 ሲባዛ 37 ሺህ ኒውተን ይሆናል፣ ወደ 3.8 ቶን። ያው ብሎን 4.8 ቢሆን ወደ 1.9 ቶን ይወርዳል። ከውጭ ስታያቸው መንታ ናቸው። ሳይቱ ላይ የሚከለክሏችሁ ለዚህ ነው። ዳዶውም የራሱ ቁጥር አለው፣ ለ8.8 ብሎን ቢያንስ 8 ዳዶ።

አሁን ወደ ቱቦው ልመለስ፣ ምክንያቱም የቅዳሜው ልጅ ሁለተኛ ስህተት እሱ ነው። ለዚህ ማፍሰሻ ብሎን የሚፈለገው ወደ 38 ኒውተን ሜትር ነው። 25 ሳንቲሜትር የሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 15 ኪሎ ያህል መጎተት ማለት ነው፤ አንድ እጅ፣ ያለ ጩኸት። ቁልፉ ላይ 75 ሳንቲሜትር የሚያደርሰው ቱቦ ሲሰካ ያው ጉልበት ሦስት እጥፍ ሆኖ ይደርሳል። ደግሞም ከምታወጣው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ከጭንቅላቱ ሥር በመፋተግ ያልቃል፣ ወደ 40 በመቶው ጥርስ ለጥርስ ሲፋተግ ያልቃል፣ ብሎኑን የሚስበው 10 በመቶ ያህል ነው። ጥርሱን ዘይት ከቀባኸው ፍትጊያው ስለሚቀንስ ሳታውቀው የመሳቡ ድርሻ ይጨምራል። ዘይት የነካ ብሎን ላይ «እንደ ወትሮው» ማሰር ብሎኑን የሚለጥጠው ለዚህ ነው።

ጎፋ ገራዥ · ማክሰኞ ማታ 2፡25

መምህርት፣ ቶርክ ሬንች ያለው ገራዥ ስንት ነው? በእጅ ነው የምናውቀው።

መካኒካል መምህርት · ማክሰኞ ማታ 2፡31

እጅህን አምናለሁ ወንድሜ። የጎማና የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ብሎን ላይ ግን አላምንም።

ኮምፒውተር ጠጋኝ · ማክሰኞ ማታ 3፡00

ትናንሾቹን ረሳችኋቸው። ዴስክቶፕ ኬዝ ውስጥ ሁለት አይነት ቪቴ አለ፣ ልክ እንደ ባለ ቪትዝ ጣጣ። አንዱ ኤም 3 በ0.5 ነው፣ ለኤስኤስዲ። ሌላው የኢንች ነው፣ በኢንች 32 ጥርስ፣ ለትልቁ ሃርድ ዲስክ። ወፍራሙን ኤስኤስዲ ላይ የሚጭኑ አሉ፤ ይገባል፣ ጥርሱን ይዞ ይወጣል። እኔ በሁለት የፊልም ቆርቆሮ ነው የምለያቸው።

ባለ ቪትዝ · ዓርብ ማታ 2፡05

ተመልሻለሁ። ኮፓውን ረቡዕ አስፈትቼ አንድ ቶርኖ ቤት ወሰድኩ (ጋሼ፣ የርስዎ ይሁን የሌላ አላውቅም 😄)። ሰውዬው ዝም ብሎ የተበየደውን ዳዶ ከውጭ ለካ፣ 20 ሚሊ አለው። «14 ብናደርገው በየጎኑ 3 ሚሊ ይቀረዋል፣ ይበቃል» አለ። ሞርሳ ላይ አሰረው፣ በ12.5 ፑንታ በሳው። ከዚያ ታፑን በእጁ ነበር የሚያዞረው፤ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ። ወደ ኋላ በመለሰ ቁጥር ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ምንድነው ብዬ ስጠይቀው «ብረቱ ሲቆረጥ ነው፣ ካልሰበርከው ታፑን ይሰብርሃል» አለኝ። ዘይት ጠብ ያደርጋል፣ ያዞራል፣ ያቆማል። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። በቤንዚን ታጠበ፣ በአየር ተነፋ።

ብሎኑን ለመግዛት ስሄድ በወረቀት ጽፌ ነው የሄድኩት፦ ኤም 14 በ1.5። የሆንዳ ማፍሰሻ ነው ብለው አወጡልኝ። አዲሱን ከመክፈሌ በፊት ሱቁ በር ላይ ቆሜ ስምንት ጥርስ በማስመሪያ ቆጠርኩ፤ 12 ሚሊ። ባለሱቁ ሳቀብኝ። ኮፓው በሲሊኮን ተመለሰ፣ ብሎኑ በሁለት ጣት እስከ ጭንቅላቱ ገባ፣ አዲስ የአሉሚኒየም ሮንዴላ ተደረገለት። ሁለት ቀን ሆነው፣ ካርቶን ሥሯ አንጥፌ ነው የማድረው፤ ደረቅ ነው።

አሁን በእውነት «የ14 ብሎን» አለኝ፣ የሚፈታው ደግሞ በ17 ቁልፍ ነው። ቀጣዩ ዘይት ቀያሪ እንዳይሳሳት ኮፓው ላይ በነጭ ቀለም «14×1.5» ብዬ ጻፍኩበት።

ቶርኖ ቤት · ዓርብ ማታ 2፡18

እኔ አይደለሁም፣ ግን የሠራልህ ሰው ሥራ ያውቃል። ወደ ኋላ መመለሱን ያየህ ጊዜ ልብህ ማረፍ ነበረበት።

ቀለሙ በሙቀትና በዘይት ይለቃል። በብረት መፃፊያ ጫረው።

ዝም ባይ · ዓርብ ማታ 2፡40

ወንድሜ ያንን 12 በ1.5 የተባለውን ብሎን ምን አደረግከው? ለጎረቤቴ ቢኤም ይሆናል መሰለኝ፣ አልጣልከውም አይደል?

ባለ ቪትዝ · ዓርብ ማታ 2፡44

አለ። ፀጉሩ አሁንም ተጠምጥሞበታል። መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ አጽዳው፣ ስምንት ጥርስ ደግሞ ራስህ ቁጠር።